ኢቃማሽ ይታደሳል፤ ሙያሽስ?

እህቴ፣ ከቦሌ አንስቶ ዓረብ አገር ያደረሰሽ አብራሪ ፈቃድ እንደነበረው አትጠራጠሪም። ብዙ ተሳፋሪ የማያውቀው ግን ፈቃዱ ብቻውን እንደማይበቃ ነው። አብራሪው ባለፉት 90 ቀናት ውስጥ ቢያንስ ሦስት ጊዜ አውሮፕላን ካላስነሳና ሦስት ጊዜ ካላሳረፈ፣ ፈቃዱ በኪሱ እያለ እንኳ መንገደኛ ጭኖ እንዲበር አይፈቀድለትም። ሃያ ዓመት ያበረረ ቢሆንም ሕጉ ያው ነው። መጀመሪያ ሲሙሌተር በሚባለው የምስለ በረራ መሣሪያ ወይም ከአሠልጣኝ ጋር ሆኖ የጎደለውን ይሞላል፤ ከዚያ ይመለሳል።

ዛሬ ስለ አብራሪዎች የምጽፍልሽ አብራሪ ሁኚ ልልሽ አይደለም። ሙያን ጠብቆ ስለማቆየት ከእነሱ የተሻለ ምሳሌ ስላጣሁ ነው። በእነሱ ሥራ ትናንት ማወቅ ዛሬ እንደማወቅ አይቆጠርም። እኛ ግን አንድ ጊዜ የተማርነው ነገር ሻንጣ ውስጥ እንደተቀመጠ ወርቅ ሳይለወጥ የሚጠብቀን ይመስለናል።

አብራሪዎች እንዴት እንደሚፈተኑ ትንሽ ልንገርሽ። ዓለም አቀፉ ደንብ የአየር መንገድ አብራሪ በዓመት ሁለት ጊዜ ብቃቱን እንዲያሳይ ያዛል። ሁለቱን ፈተና በተከታታይ ወራት ወስዶ መገላገልም አይቻልም፤ በመካከላቸው በቂ ጊዜ ማለፍ አለበት። ፈተናው በአብዛኛው የሚሰጠው በሲሙሌተር ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በኢትዮጵያ አየር መንገድ ማሠልጠኛ፣ እዚህ ባሕረ ሰላጤውም ዱባይና ዶሃ ውስጥ እነዚህ መሣሪያዎች አሉ። አብራሪው እውነተኛ የሚመስል ክፍል ውስጥ ይገባል፤ ፈታኙ ከኋላው ተቀምጦ ልክ ሲነሳ አንዱን ሞተር ያጠፋበታል፤ ጭስ ያስገባበታል፤ ሊያርፍ ሲል አየሩን ያበላሽበታል። በእውነተኛ በረራ ዕድሜ ልኩን ላያጋጥመው የሚችለውን ነገር እዚያ ደጋግሞ ይለማመደዋል። ካልተሳካለት ተጨማሪ ሥልጠና ወስዶ እንደገና እስኪያልፍ ድረስ ከመንገደኛ ጋር አይበርም። ከዚህ ሌላ ጤናውን በየዓመቱ ይመረመራል፤ ዕድሜው 60 ሲሞላ ደግሞ ምርመራው በየስድስት ወሩ ይሆናል።

ማዕረግ ከዚህ አያድንም። ካፒቴን አምሳለ ጓሉ እ.ኤ.አ. በ2010 የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያዋ ሴት ዋና አብራሪ ሆና ብዙዎቻችንን አኩርታለች። ዋና አብራሪ መሆን ግን ፈተናውን አያስቀርም። አዲስ የገባው ረዳት አብራሪም፣ ትከሻው ላይ አራት መስመር የያዘውም በየጊዜው እኩል ይፈተናሉ።

አሁን የጽሑፌ ዋና ነገር ወደሆነው ልምጣ። ረጅም መንገድ የሚበሩ አብራሪዎች አንድ ልዩ ችግር አለባቸው። አሥራ አራትና አሥራ አምስት ሰዓት በሚፈጅ በረራ ሦስት ወይም አራት አብራሪዎች እየተፈራረቁ ይሠራሉ፤ አውሮፕላኑን የሚያሳርፈው ግን አንዱ ብቻ ነው። ስለዚህ አንድ አብራሪ ወሩን ሙሉ ሲበር ከርሞ፣ እንቅልፍ አጥቶና ደክሞ፣ በ90 ቀን ውስጥ ሦስት ማሳረፍ ሊጎድለው ይችላል። ሲሠራ ነበር፤ ያን አንድ ነገር ግን አልሠራም። ድካሙ እንደ ልምምድ አይቆጠርለትም።

እህቴ፣ ይህ ያንቺ ታሪክ አይመስልሽም? ከንጋት እስከ እኩለ ሌሊት ትሠሪያለሽ። ታጥቢያለሽ፣ ትጠርጊያለሽ፣ ታበስያለሽ፣ ልጅ ታሳድጊያለሽ። ሥራ ፈታች የሚልሽ ሰው የለም። ነገር ግን አገር ቤት የተማርሽው ነርስነት፣ አስተማሪነት፣ ልብስ ስፌት፣ ሒሳብ መያዝ ወይም ጸጉር ሥራ ከሆነ፣ ያ እጅሽ ከተነካ ስንት ጊዜ ሆነው? ሥራ መብዛት በራሱ ሙያን አያድስም። ያልነካሽው ሙያ አንቺ ስትደክሚ እሱም ጸጥ ብሎ ይደክማል።

ወረቀት መተርጎም እንጀራዬ ነው። ዲፕሎማ፣ የብቃት ማረጋገጫ፣ የሥራ ልምድ ደብዳቤ፣ መንጃ ፈቃድ ከአማርኛ ወደ ዓረብኛ፣ ከዓረብኛ ወደ አማርኛ እመልሳለሁ። ወረቀቱን ስገለብጥ ዓይኔ መጀመሪያ የሚሄደው ቀኑ ላይ ነው። ዲፕሎማው የተሰጠው ከስምንት ከዘጠኝ ዓመት በፊት ይሆናል። ማኅተሙ ይነበባል፣ ፊርማው ይታያል፣ እኔም ቃል በቃል እተረጉመዋለሁ። ወረቀቱ ግን የሚናገረው ሴትዮዋ ያኔ ምን ትችል እንደነበረ ነው። ዛሬ ምን ትችላለች ብሎ የሚጠይቅ ክሊኒክ ወይም ትምህርት ቤት ሲመጣ ወረቀቱ መልስ የለውም፤ መልሱ ያለው እጇ ላይ ነው።

ዓረብኛ ውስጥ እናንተ ሁሉ የምታውቁት አንድ ቃል አለ፦ «ተጅዲድ»። ኢቃማ ተጅዲድ ይደረጋል፣ ኮንትራት ተጅዲድ ይደረጋል። ቃሉ «ጀዲድ» ማለትም አዲስ ከሚለው የመጣ ነው። የእኛም «ማደስ» እንዲሁ «አዲስ» ከሚለው ይወለዳል። ሁለቱም ቋንቋዎች ነገሩን በአንድ መንገድ አይተውታል፤ የታደሰ ነገር ማለት እንደገና አዲስ የተደረገ ነገር ነው። የኢቃማሽ ቀን ሲቃረብ ከፊሉም፣ መክተቡም፣ አንቺም ትሯሯጣላችሁ። የሙያሽ ቀን ሲያልፍ ግን የሚደውልልሽ የለም።

«ማሽኑ ይሠራልኛል፣ እኔ ምን አስጨነቀኝ» የሚለው ሐሳብ ምን እንደሚያመጣ ከአብራሪዎች መማር ይቻላል። ዘመናዊ አውሮፕላን አብዛኛውን መንገድ የሚበረው በአውቶ ፓይለት ነው። እ.ኤ.አ. ጁን 1 ቀን 2009 ከሪዮ ዴ ጄኔሮ ወደ ፓሪስ ሲበር የነበረ የኤር ፍራንስ አውሮፕላን አትላንቲክ ውቅያኖስ ውስጥ ወድቆ 228 ሰዎች ሞቱ። የፍጥነት መለኪያ ቱቦዎቹ በበረዶ ቅንጣት ተደፈኑ፤ አውቶ ፓይለቱ ራሱን አላቀቀ፤ አውሮፕላኑም በድንገት በሰው እጅ ላይ ወደቀ። በ2012 የወጣው የምርመራ ዘገባ ካነሳቸው ነጥቦች አንዱ አብራሪዎቹ በዚያ ከፍታ ላይ አውሮፕላን በእጅ ስለመቆጣጠር ሥልጠና አለማግኘታቸው ነው። በ2013 መጀመሪያ የአሜሪካ አቪዬሽን ባለሥልጣን አየር መንገዶች አብራሪዎቻቸው በእጅ የመብረር ልምምድ እንዲያደርጉ አሳሰበ። ያልተለማመደ እጅ በሚፈለግበት ደቂቃ አይገኝም።

ቋንቋም ሙያ ነው፤ እሱም ይዝጋል። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 12 ቀን 1996 ከዴልሂ ተነስቶ ወደ ዳህራን ይበር የነበረ የሳዑዲ አውሮፕላን ወደ ዴልሂ ሲወርድ ከነበረ የካዛክስታን አውሮፕላን ጋር አየር ላይ ተጋጭቶ በሁለቱም ውስጥ የነበሩ 349 ሰዎች በሙሉ ሞቱ። ከሳዑዲው አውሮፕላን መንገደኞች ብዙዎቹ እንደ አንቺ ለእንጀራ ወደ ባሕረ ሰላጤ የሚሄዱ ሠራተኞች ነበሩ። ምርመራው የካዛክስታኑ አውሮፕላን ከተፈቀደለት ከፍታ በታች መውረዱን አረጋገጠ፤ ለዚህም አስተዋጽኦ ካደረጉት ነገሮች መካከል የሠራተኞቹን የእንግሊዝኛ ማነስ ጠቀሰ።

ከዚያ በኋላ ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ለአብራሪዎችና ለበረራ ተቆጣጣሪዎች የቋንቋ ችሎታ መስፈርት አወጣ፤ ከማርች 2008 ጀምሮም ተግባራዊ ሆነ። ደረጃው ከ1 እስከ 6 ነው፤ ለመብረር ቢያንስ 4 ያስፈልጋል። ደረጃ 4 ያገኘ በየሦስት ዓመቱ፣ ደረጃ 5 ያገኘ በየስድስት ዓመቱ እንደገና ይመዘናል። የሚለካው መናገርና መስማት ነው፤ በስድስት ነገሮች ይመዘናል፤ የመጨረሻ ውጤቱ ደግሞ አማካዩ ሳይሆን ከስድስቱ ዝቅተኛው ነው። አነጋገርሽ ቢያምር፣ ቃላት ብታውቂም፣ የሚነገርሽን በትክክል ካልሰማሽ ደረጃሽ የመስማትሽ ደረጃ ነው።

እዚህ ላይ ልትቆጪ ትችያለሽ። «አብራሪውማ ጊዜ አለው፣ ደመወዝ አለው፣ አየር መንገዱ ይከፍልለታል፤ እኔ መቼ ተኝቼ መቼ ልማር?» እውነትሽን ነው፤ ይህን ሳልናገር ባልፍ ይህ ጽሑፍ ምክር ሳይሆን ወቀሳ ይሆንብሽ ነበር። የአየር መንገድ አብራሪ ሥልጠናው የሥራው ክፍል ነው። ዕረፍቱም በሕግ ይጠበቃል፤ በብዙ አገሮች በ28 ቀናት ውስጥ ከ100 ሰዓት በላይ እንዲበር አይፈቀድለትም። የደከመ ሰው አደጋ እንደሚያመጣ ስለታወቀ ነው።

ለአንቺም የተጻፈ ሕግ አለ። የኩዌት የ2015 ሕግ ቁጥር 68፣ የኳታር የ2017 ሕግ ቁጥር 15 እና የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች የ2022 ድንጋጌ ቁጥር 9 ለቤት ሠራተኛ በሳምንት አንድ ቀን ዕረፍት ይሰጣሉ። ወረቀት ላይ ያለውና ቤት ውስጥ ያለው እንደሚለያይ አንቺ ከእኔ በላይ ታውቂያለሽ። ቢሆንም መብቱ እንዳለ ማወቅ ለመጠየቅ የመጀመሪያው እርምጃ ነው። ያን ቀን ካገኘሽ ደግሞ መጀመሪያ ተኚበት፤ ዕረፍት ላንቺ ነው። ከተረፈሽ ሰዓት ግን አንዷን ብቻ ለራስሽ ሙያ ስጪው።

ምን ላድርግ ካልሽ፣ ከአብራሪዎቹ ልማድ አምስቱን ልስጥሽ።

አንደኛ፣ መዝገብ ያዢ። እያንዳንዱ አብራሪ የበረራ መዝገብ አለው፤ ቀኑን፣ የበረረበትን አውሮፕላን፣ የበረረውን ሰዓት ይጽፍበታል። አንቺም ደብተር ግዢና ጻፊ፦ ከስንት ወር እስከ ስንት ዓመት ያለ ሕፃን ስንት ጊዜ ተንከባከብሽ፣ የስኳር ሕመምተኛ አዛውንት ረዳሽ ወይ፣ የደም ግፊት መለካት ቻልሽ ወይ፣ ምን ምን ምግብ ትሠሪያለሽ፣ በየትኛው መሣሪያ ሠራሽ። የቤቱን ምስጢርና የሰዎቹን ስም አትጻፊ፤ የሠራሽውን ብቻ። በኢትዮጵያ የሙያ ብቃት ምዘና ሥርዓት ሙያውን በሥራ ላይ የተማረ ሰውም መመዘን ይችላል። ያኔ ምን እንደምትችይ ቆጥረሽ እንድትናገሪ የሚያደርግሽ ይህ ደብተር ነው። ኮንትራትሽን በሰላም ጨርሰሽ ስትወጪም «ሸሃደት ኺብራ» ስጡኝ በይ፤ የሥራ ልምድ ምስክር ወረቀት ማለት ነው። ሥራውን ለይቶ እንዲጽፍልሽ ጠይቂ። «ጥሩ ሠራተኛ ነበረች» የሚል ወረቀት ደስ ይላል፤ «አልጋ ላይ የዋሉ እናቴን ሦስት ዓመት ተንከባክባለች» የሚለው ግን ሥራ ያስገኛል።

ሁለተኛ፣ የራስሽን 90 ቀን ቁጠሪ። አብራሪው በ90 ቀን የተጠየቀው ሦስት ማስነሳትና ሦስት ማሳረፍ እንጂ ሦስት መቶ አይደለም። ልብስ ሰፊ ከሆንሽ በሦስት ወር ውስጥ ሦስት ልብስ አስተካክዪ፤ የልጆቹ ቀሚስ ጫፍም ይሆናል። አስተማሪ ከሆንሽ ሦስት የአንድ ገጽ ትምህርት አዘጋጂ። ሒሳብ የተማርሽ ከሆንሽ ደመወዝሽን፣ የላክሽውን ሐዋላና የቀረሽን በሥርዓት መዝግበሽ ወሩን ዝጊ። ትንሽ ነው፤ ግን እጅሽ እንዳይረሳ ያደርገዋል።

ሦስተኛ፣ ወንበር ላይ ብረሪ። አብራሪዎች አውሮፕላንም ሲሙሌተርም በሌለበት ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ እጃቸውን እያንቀሳቀሱ በረራውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በሐሳብ ይለማመዱታል። ገንዘብ አይጠይቅም፣ ስልክ አይጠይቅም፣ ከቤት መውጣት አይጠይቅም። ስልክ የማይሰጥሽ፣ ደጅ የማትወጪ እህቴ፣ ይህ በተለይ ላንቺ ነው። ነርስ ከሆንሽ ማታ ከመተኛትሽ በፊት ቁስል የማጠብን ቅደም ተከተል በልብሽ ሂጂበት፦ እጅ መታጠብ፣ ጓንት፣ ቀጥሎ ምን? የተደናቀፍሽበት ቦታ የረሳሽው ቦታ ነው፤ ዕድሉን ስታገኚ እሱን ጠይቂ፣ እሱን አንብቢ።

አራተኛ፣ የሰማሽውን መልሰሽ ተናገሪ። ተቆጣጣሪው ለአብራሪ ትእዛዝ ሲሰጥ አብራሪው ቁጥሩን መልሶ ይናገራል፤ ተቆጣጣሪው ይሰማና ስህተት ካለ ያርማል። ይህ ልማድ ዓረብኛሽን በየቀኑ ያድስልሻል፤ ከጥፋትም ይጠብቅሻል። ማዳም ስለ ሕፃኑ መድኃኒት «ኑስ ሐባ» ካለች ግማሽ ኪኒን ነው፤ «ሐባ ወ ኑስ» ካለች አንድ ተኩል ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ሦስት እጥፍ ነው። «ኑስ ሐባ፣ ሰሕ?» ብለሽ መልሺላት። አለማወቅ አይደለም፤ አብራሪዎች የሚያደርጉት ነው። ከዚያ አልፈሽ ማንበብም ጀምሪ። ብዙዎቻችሁ የባሕረ ሰላጤውን ዓረብኛ እንደ አፍ መፍቻ ትናገራላችሁ፤ ፊደሉን ግን አትለዩም። 28 ፊደል ነው። ከእኛ ፊደል ገበታ አንጻር በጣም ትንሽ ነው። የወተት ካርቶን፣ የመድኃኒት ብልቃጥ፣ የሱቅ ታፔላ ሁሉ ነፃ መጽሐፍ ነው። ዓረብኛ የሚናገር ብዙ ነው፤ የሚያነብና የሚጽፍ ኢትዮጵያዊ ግን አገር ቤትም እዚህም ይፈለጋል።

አምስተኛ፣ የሚያበቁትን ቀኖች በአንድ ገጽ ጻፊ። ፓስፖርት፣ ኢቃማ፣ መንጃ ፈቃድ፣ የሙያ ፈቃድ። የጤና ባለሙያ ከሆንሽ አገር ቤት ያለው ፈቃድሽ እድሳት እንዳለው፣ ለእድሳቱም ተከታታይ የሙያ ሥልጠና እንደሚጠየቅ አትርሺ። በቤተሰብ በኩል ምን እንደሚያስፈልግ አሁን አስጠይቂ። የመመለሻሽ ሳምንት ላይ ከመደናገጥ ዛሬ ማወቅ ይሻላል።

«እኔ ገንዘብ ይዤ ተመልሼ ሱቅ ነው የምከፍተው፤ የድሮው ሙያ ምን ያደርግልኛል?» የምትይም አትጠፊም። ይቅናሽ። ሱቅም ሒሳብ ይፈልጋል፣ ሰው አያያዝ ይፈልጋል። ደግሞም ገንዘብ ቤተሰብ መሃል ሲገባ ምን እንደሚሆን አይተሻል፤ ቤት ይሠራበታል፣ ወንድም ይማርበታል፣ ለቅሶና ሠርግ ይወጣበታል። እጅሽ ላይ ያለው ሙያ ግን ተበደሪልኝ አይባልም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳይሆን፣ እዚህ ስትለፊ ከአገር ይዘሽው የመጣሽውን አትጣይው።

ይህ ሁሉ ያንቺ ሸክም ብቻ መሆኑ ግን ትክክል አይደለም። አብራሪን ብቻህን ተለማመድ የሚለው የለም፤ ሥርዓት ተዘርግቶለታል። ወደዚህ ከመምጣትሽ በፊት ሲኦሲ ያስፈተነሽ መንግሥት፣ ስትመለሺም ያካበትሽውን መዝኖ ሊቀበልሽ ይገባል። ኤምባሲዎችና የኮሚኒቲ ማኅበራት የዕረፍት ቀንሽን የበዓል ዝግጅት ብቻ ሳይሆን የንባብና የሙያ ልምምድ ቀን ሊያደርጉልሽ ይችላሉ፤ ጠይቂያቸው። ሙያ ያላችሁ ደግሞ እርስ በርስ ተፈላለጉ። ሁለት ነርሶች በስልክ በሳምንት አንድ ጊዜ ሲጠያየቁ አንዷ ለሌላዋ ፈታኝ ናት። አሠሪም ቢሆን አያጣም፤ የመድኃኒት ወረቀት የምታነብና የሰማችውን የምታረጋግጥ ሠራተኛ ልጁን የሚያምናት ሠራተኛ ናት።

በድካምሽ ላይ ድካም ልጨምርብሽ አልፈልግም። ከአምስቱ አንዱን ብቻ ምረጪ፤ በጣም የሚቀልሽን። ቀኑን ጻፊና 90 ቀን ቁጠሪ። ሲያልቅ አንድ ጥያቄ ራስሽን ጠይቂ፦ ዛሬ ሥራሽን አሳዪን ብባል አሳያለሁ ወይ? አዎ ካልሽ ሙያሽ ታድሷል። ገና ነው ካልሽም አልረፈደም፤ አብራሪውም ቢሆን ቀኑ ሲያልፍበት የጎደለውን ሞልቶ ወደ ሥራው ይመለሳል እንጂ ፈቃዱን አይጥልም።